የሰካራሙ ንጉሥ ጆሮ

የምሠራው ሙዚየም ውስጥ ነው፤ ሥራዬም ካርድ መጻፍ ነው። ከመስታወቱ አጠገብ የምትለጠፈው፣ ጎብኚው ከዕቃው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያያት፣ መዳፍ የምታህል ነጭ ካርድ። ሁለት ዲግሪ አለኝ፤ ሁለቱም የሚያገለግሉት ይህችኑ ካርድ ነው። አለቃዬ አቶ ኒሺዋኪ "ከአራት መስመር በላይ የሚያነብ ሰው ሙዚየም አይመጣም፣ ቤቱ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል" ይላሉ። ስለዚህ በአራት መስመር እጨርሳለሁ። አራተኛው መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "የፋርስና የመካከለኛው እስያ ተጽዕኖ ይታይበታል።"

በመሮ የተፈለፈለ የሚመስል የብርጭቆ ሳህን፣ ተጽዕኖ ይታይበታል። ወደ ኋላው ዞሮ አንበሳ የሚወጋ ፈረሰኛ የተሸመነበት ሐር፣ ተጽዕኖ ይታይበታል። አንበሳም ግመልም በሌለበት አገር፣ ናራ ከተማ ውስጥ፣ የቤተ መቅደሶቻችን ግምጃ ቤቶች በአንበሳና በግመል የተሞሉ ናቸው። እንዴት መጡ ብሎ ለሚጠይቅ አራተኛው መስመር አለ። በእኛ አጻጻፍ ተጽዕኖ ማለት ከምዕራብ የሚነፍስ የነፋስ ዓይነት ነው። እግር የለውም፣ አይርበውም፣ ፓስፖርትም አይጠየቅም።

እኔ ግን ተጽዕኖን በአካል አውቀዋለሁ። አምስት ወር ቤታችን ኖሯል። የጣመው ሰው እየመጠጠ በድምፅ የሚበላውን ቀጭን ፓስታችንን፣ ሶባን፣ ሲበላ ድምፅ አያሰማም ነበር፤ እናቴም አልጣመውም እያለች ትቀየመው ነበር። ስሙ ፊሩዝ ነው። እኔ የምጠራው አጎቴ ንጉሥ ብዬ ነበር።

ያገኘነው የፀደይ ማብቂያ ላይ፣ አጋዘኖቹ ያሉበት መናፈሻ ውስጥ ነው። ሰባት ዓመቴ ነው፤ የአባቴን ጣት ይዤያለሁ። አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሦስት አጋዘኖች ከፊቱ ቆመው አንገታቸውን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ እያደረጉ ይሰግዱለታል። አፍንጫው ከፊቱ ቀድሞ የወጣ ነው። ቅንድቦቹ ተጋጥመዋል። እኔ ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ አባቴ መሥሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ በትልቁ ተነሥቶ የተሰቀለው የንጉሡ ጭምብል ፎቶግራፍ ነው።

ዛሬ ላርመው፦ የናራ አጋዘን ብስኩት ለያዘ ሁሉ ይሰግዳል። ሰውየው ደግሞ ለአጋዘን የሚሸጠውን፣ ከሩዝ ፉርሽካ የተጋገረውን ብስኩት የሰው መስሎት ራሱ እየበላው ነበር።

አባቴ ሄዶ ፊቱ ቆመ። "ወንድም፣ እሱ እኮ የአጋዘን ነው" አለው።

ሰውየው ብስኩቱን አየ። አጋዘኖቹን አየ። "ለካ ለዚህ ነው ጨው የሌለው" አለና የቀረውን ሰጣቸው።

አባቴ አልሄደም። ሰው እንዲያ ቆሞ ሌላ ሰው ሲያይ አይቼ አላውቅም። "አፍንጫህን ብለካው ይከፋሃል?" አለው በመጨረሻ።

"ለካና መልስልኝ" አለ ሰውየው።

ቋንቋችንን የተማረው ኦሳካ፣ ብረት ከሚቀጠቅጡ ወዛደሮች ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ቋንቋው ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ለሁሉም እኩል "አንተ" የሚል፣ እርስዎን የማያውቅ ቋንቋ። እኔ ግን ይህንንም ንጉሥ ስለሆነ ነው አልኩ።

አባቴ ሳካኖ ቅጂ ሠሪ ነበር። የቤተ መቅደስ ቅርሶች ሲያረጁ፣ ዋናው ሳጥኑ ውስጥ አርፎ በምትኩ የሚታይ ቅጂ ይሠራል። የሞያው ሕግ አንድ ነው፦ ያለውን እንዳለ። ዋናው የተሰነጠቀበት ቦታ ቅጂውም ይሰነጠቃል። ምስጥ የበላው ቀዳዳ ካለ ምስጡ የገባበት አቅጣጫ ሳይቀር ተከትሎ ይፈለፈላል። ቀለሙ የለቀቀ እንደሆነ በደንብ ከተቀባ በኋላ እንዲለቅ ይደረጋል። አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ አዲስ ዕቃ ሲያበላሽ የኖረ ሰው ነው፤ በዚህም የተከበረ ነበር።

ያን ዓመት የታዘዘው ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ የጭፈራ ጭምብል ነበር፤ ሰካራሙ የፋርስ ንጉሥ ይሉታል። በጥንቱ ጭፈራ መጨረሻ ላይ ስምንት ሰካራም አጃቢዎቹን አስከትሎ የሚወጣው እሱ ነው። ፊቱ ቀይ ነው፣ አፍንጫው ረጅም ነው፣ ግራ ጆሮው የለም። መቼ እንደተሰበረ አይታወቅም። ቤተ መቅደሱ ቅጂውን በመኸር በዓል ቀን ቡድሃው ፊት ሊያቀርብ ቀን ቆርጦ ነበር።

ስለዚህ ንጉሡ ቤታችን መጣ፤ አባቴ እንጨት ከሚያከማችበት ክፍል ጎን ምንጣፍ ተነጠፈለት። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ አባቴ መሮውን ይዞ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል። አየሁት፤ አልገረመኝም። ንጉሥ ፊት የተቀመጠ ሰው እጁ ካልተንቀጠቀጠ መቼ ሊንቀጠቀጥ ነው? እንዲያውም አዘንኩለት፤ አባቴ ፈሪ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሳኬ የምንለውን የሩዝ ጠጅ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ለንጉሡም ይቀዳለታል፤ ንጉሡ ብርጭቆውን በአንድ ጣት መልሶ ይገፋለታል።

"አልጠጣም አላልኩህም?" ይለዋል።

"ሰካራሙ ንጉሥ ሆነህ?"

"ስሙን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ። እኛን አልጠየቃችሁም።"

አባቴ የሱንም ይጠጣዋል። እኔ ነገሩን ቶሎ ፈታሁት፦ አባቴ መርዝ እንዳይኖርበት እየቀመሰለት ነው። ንጉሡ ደግሞ አሁንም አላመነውም።

ሐኪሙ ለእናቴ የነገራት ሌላ ነበር። ያ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ትንሽ መጠጥ ሲያገኝ ለአንድ ሰዓት ያህል ጋብ ይላል፤ ከዚያ ብሶበት ይመለሳል። አባቴ ትእዛዙን የተቀበለው ይህን እያወቀ ነው። ለቤተ መቅደሱ አልነገረም። በናራ ቅጂ ሠሪ እጁ ተንቀጠቀጠ ከተባለ የሚቀረው ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙም ብዙ አይቆይም።

ዝናቡ ሲገባ ንጉሡ መቀመጥ ሰለቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በበሩ ክፍተት አየሁ፦ መሮው በንጉሡ እጅ ነው። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ መዳፎቹን ብብቱ ውስጥ ከትቷል። ስንጣሪው ከንጉሡ ጉልበት ላይ እንደ ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወርዳል። ድምፁ የተለየ ነበር። አባቴ ሲመታ ጥ፣ ጥጥ፣ ጥ ይላል። ንጉሡ ሲመታ አንድ ወጥ ነው፤ ዝናቡን ይመስላል።

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ዓይኔን በመዳፏ ሸፈነች።

"ምን ታያለሽ አንቺ?"

"ንጉሡ ራሱ እየሠራ ነው!"

እናቴ ውሸት አትወድም፤ የተገኘ ውሸት ግን አትጥልም። "ንጉሥ የራሱን ፊት ሲያስተካክል አይታይም፣ ነውር ነው" አለችኝ። "ሰው ከጠየቀሽ ምን ትያለሽ?"

"ምን ልበል?"

"ለአፍንጫው ነው የሚቀመጠው በይ።"

"ለአፍንጫው ነው የሚቀመጠው።"

"ጎበዝ። እንደገና በይው።"

እንደገና አልኩት። ያን ክረምት ከማባዛት ሰንጠረዥ ጋር አብሬ አጠናሁት።

የፊሩዝ አያትም አባትም በኢራኗ ኢስፋሃን ከተማ በር ፈልፋዮች ነበሩ። ይህን ከእናቴ የሰማሁት ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ያኔ የማውቀው ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሰዎች እንደሚጣሉና ጠቡም ሁልጊዜ ስለ ጆሮ እንደሆነ ብቻ ነበር።

"ግራው የለውም" ይላል አባቴ። "ፎቶውን እይ። ከሥሩ የተሰበረ ነው። ጉቶውን ብቻ ሥራ።"

"መጀመሪያ ነበረው።"

"ነበረው፤ አሁን የለውም።"

"እሺ። መጀመሪያ እንዲኖረው አደርጋለሁ። ከዚያ ትሰብረዋለህ።"

"የሚሰበር ነገር ለምን ትለፋበታለህ?"

"አንተ አርባ ዓመት ምን ስትሠራ ኖርክ?"

አባቴ ሳቀ። ሲስቅ የማይንቀጠቀጥ ቦታ አልነበረውም።

ጆሮውንም ሠራው። ዋናው ስለሌለው የሚያየው ነገር አልነበረም። ከየት አመጣኸው ስለው የራሱን ጆሮ ነካና "የኔ አይደለም፣ የኔ ትንሽ ነው። የአባቴ ነው" አለኝ። የንጉሥ አባት ትልቅ ጆሮ ሊኖረው እንደሚገባ ስለማምን አላከራከርኩትም።

ከዚያ ቀለሙ መጣ። ኡሩሺ የምንለው፣ ከዛፍ ግንድ የሚንጠባጠብ፣ ሲቀቡት የማር ቀለም ያለው ነገር ነው። የሚደርቀው በእርጥበት ስለሆነ የዝናብ ወቅት ይስማማዋል። ያልለመደውን ሰው ቆዳ ያቃጥላል። አባቴ ከልጅነቱ ስለሠራበት ክንዱን ቢነክርበት አይነካውም። ንጉሡ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ አበጡ። በሳምንቱ ሽፍታው እስከ ክንዱ ወጣ፤ ቀይ፣ አንዳንዱም ውኃ የቋጠረ።

"እንኳን ደስ አለህ፤ ሞያው ሰላም አለህ" አለው አባቴ።

"ሰላምታው ይህ ከሆነ ጠቡ እንዴት ሊሆን ነው?"

እኔ በየቀኑ እጁን እያገላበጥኩ አይ ነበር። ቀለሙ የጭምብሉ ቀለም ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ንጉሡ ወደ ራሱ እየተመለሰ ነበር። መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ክንድ፤ መኸር ሲገባ ፊቱ ይደርሳል ብዬ አሰላሁ። ለማንም አልተናገርኩም። እስከዚያ ቀን።

መምህር ሪዮካይ የቤተ መቅደሱ የቅርስ ኃላፊ ነበሩ፤ ሲራመዱ የልብሳቸው ድምፅ ከሳቸው ቀድሞ የሚደርስ፣ ትልቅ መነኩሴ። በዓሉ ሃያ ቀን ሲቀረው ሥራውን ሊያዩ መጡ። እናቴ ሁሉንም ነገር ቦታ ቦታው አስይዛ ነበር፦ ንጉሡ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል፣ እጁን እጅጌው ውስጥ ከትቷል፤ አባቴ መሮ ይዟል፣ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ስለጠጣ እጁ ጸጥ ብሏል።

"ይሄ ነው እንግዲህ አፍንጫው" አሉ መምህሩ ንጉሡን አይተው።

"አዎ። አንተ ሻይ ትጠጣለህ?" አላቸው ንጉሡ።

የእናቴ ፊት ነጣ። መምህሩ ግን ፈገግ አሉና ጭምብሉን አነሡ። ወደ ብርሃኑ አዞሩት። "ሳካኖ" አሉ፣ "ያንተን እጅ ሃያ አምስት ዓመት አውቀዋለሁ። እንዲህ ሠርተህ አታውቅም።"

አባቴ ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደ። ያን ጊዜ ቀና ቢል ኖሮ ፊቱን አይ ነበር። ቀና አላለም።

"ይህ ጆሮ ግን ምንድን ነው?"

"ይሰበራል" አለ አባቴ ከምንጣፉ ላይ።

እንግዳ ሲደሰት፣ ቤቱም ሲከበር፣ እኔም የድርሻዬን ላዋጣ ፈለግኩ። "መምህር፣ እጁን ይዩት!" አልኩና የንጉሡን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰብኩት። "ወደ ጭምብሉ እየተለወጠ ነው! መጀመሪያ ጣቱ ነበር፤ አሁን እዚህ ደርሷል!"

መምህሩ የንጉሡን እጆች አዩ። ቀጥሎ የአባቴን። አንድ ሽፍታ የሌለባቸው፣ መንቀጥቀጥ የጀመሩ።

"ምን ይሠራል ነው ያላችሁኝ?" አሉ።

እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት ደረስኩላት። "ለአፍንጫው ነው የሚቀመጠው!"

"አፍንጫው ቢያብጥ ኖሮ ይገባኝ ነበር" አሉ መምህሩ።

ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። ጭምብሉን በሁለት እጃቸው መልሰው አስቀመጡ። "ስምህ ለበዓሉ ታትሟል፤ ለቤተ መቅደሱ አለቆችም ደብዳቤ ሄዷል። ጭምብሉ ውስጥ የሚጻፈው አንድ ስም ነው" አሉ። ጫማቸውን ሲያደርጉ ደግሞ፣ ዞር ሳይሉ፣ "በዓል ነው፤ ቤትህን አጽዳ ሳካኖ" አሉት።

በማግስቱ መጥረጊያ ያዝኩ። እንግዳው መነኩሴ ቤታችን ቆሻሻ ነው ብለው አዝነው እንደሄዱ ገብቶኝ ነበር። በረንዳውን ሁለት ጊዜ ጠረግኩ። ቤታችን ከሰፈሩ ሁሉ ንጹሕ ነበር።

ስጠርግ ነው የሰማሁት። አንድ ድምፅ፣ ቀጭ። ደርሼ ሳይ አባቴ መዶሻ ይዟል፤ ጆሮው የለም። ንጉሡ ሽንት ቤት ሄዶ ሲመለስ ነው ተሰብሮ ያገኘው። በሩ ላይ ቆመ። የጮኸ አልመሰለኝም።

"ሺህ ዓመት ቢጠብቅ በራሱ ይሰበር ነበር" አለ። "ምን አስቸኮለህ?"

"ሕጉ ነው" አለ አባቴ።

"የማን ሕግ?"

ጆሮው ስንጣሪው መሐል፣ እግሬ አጠገብ ነበር። መጥረጊያውን አሳረፍኩበት፣ ቀጥሎ መዳፌን። ንጉሡ ተንበርክኮ ስንጣሪውን በጣቱ ሲበትን፣ ምንጣፉን ሲያነሣ ቆሜ አየሁት። ይዤዋለሁ አላልኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ያማረ ነገር ነበር፣ ከዚያ በላይ ምክንያት የለኝም።

ከሰዓት በኋላ እናትና አባቴ ስልኩ አጠገብ ቆመው አየኋቸው። እናቴ መነጋገሪያውን ይዛለች፤ አባቴ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ያነብላታል። እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ አድራሻችንን ተናገረች፤ ከዚያ "አንድ" አለች፣ "አዎ፣ አንድ ብቻ።" ስልክ ደውለን አድራሻ የምንናገረው ሶባ ስናዝ ብቻ ነው። ለምን ለአንድ ሰው ብቻ እንደታዘዘ አልገባኝም፤ ለንጉሡ ይሆናል፣ ስለ ጆሮው ይቅርታ ሊሉት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በር ላይ ተቀምጬ ሶባ አምጪውን ጠበቅኩ። አልመጣም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። ሶባ አልያዙም። ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ በጣም ጨዋ ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙረው፣ አስተካክለው አስቀመጡ። ለኢራናውያን ያለ ቪዛ መግባት ከቀረ ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ የፊሩዝ ፈቃድ ደግሞ ከዚያም በፊት አልፎበታል። ይህን ሁሉ፣ ሰዎቹም የኢሚግሬሽን መሆናቸውን፣ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የንጉሡ መልእክተኞች መስለውኝ ነበር።

"ይህ ሰው እርስዎ ዘንድ ይሠራል?" አለ አንደኛው አባቴን።

አባቴ "አዎ" ቢል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ምናልባት ለፊሩዝ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ለአባቴ ግን ሁሉም ይለወጥ ነበር፤ ጭምብሉ፣ ስሙ፣ በዓሉ።

"አይሠራም" አለ አባቴ። "አፍንጫውን ብቻ ነው የማየው።"

"እውነት ነው!" አልኩ እኔ፣ ያጠናሁትን የምለቅበት ቀን በመድረሱ ደስ ብሎኝ። "ለአፍንጫው ነው የሚቀመጠው!"

ሰውየው የፊሩዝን እጆች አየ፤ ቀለም ያቃጠለው ቆዳ ግን ለሱ ምንም አልነገረውም። ወደ ፊሩዝ ዞረ። ፊሩዝ ደግሞ እኔን አየኝ፤ ሳቀ። በልቡ ቂም የነበረው አልመሰለኝም፤ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር።

"ልክ ናት" አለ። "እኔ የምቀመጥ ሰው ነኝ።"

ዕቃው አንድ ሻንጣ ብቻ ነበር። ጫማውን ሲያደርግ ተረከዙን እየረገጠ ነው፤ እናቴ ያን ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብላ አስተካከለችለት። በሩ ላይ ቆሞ ለአባቴ "ጆሮውን ካገኘኸው አስቀምጥልኝ" አለው። "ሌላው ሁሉ ካንተ ፎቶ ነው። እሱ ብቻ ነው የኔ።"

"እሺ" አለ አባቴ።

ጆሮው በዚያች ደቂቃ በግራ መዳፌ ውስጥ ነበር። እጄን ከኋላዬ አድርጌ በቀኜ አውለበለብኩለት። ንጉሡ ወደ አገሩ እየሄደ ነበር፤ አጃቢም ተልኮለታል። ስምንት ያልሆኑት ለምን እንደሆነ ብቻ አልገባኝም።

የጆሮው ቀለም በውስጥ በኩል ገና በደንብ አልደረቀም ነበር። በማግስቱ መዳፌ አበጠ። እናቴ ምን ነካሽ ስትለኝ መጥረጊያው አልኳት። ሁለት ሳምንት አሳከከኝ። አልቀስኩም፤ ስለ ንጉሡም አልጠየቅኩም። በዓሉ ላይ አባቴ አዲስ ልብስ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ፤ መምህር ሪዮካይ ስሙን በማይክራፎን ጠሩት፤ ሰው አጨበጨበ፤ እኔም መዳፌ ስለሚያሳክከኝ ከሁሉ በላይ አጨበጨብኩ። ከዚያ ክረምት የማስታውሰው ስሜት ያ ማሳከክ ብቻ ነው። ሲያልፍ ሌላው ሁሉ አብሮ አለፈ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ምንም አልሠራም። በክብሩ ጫፍ ላይ መሮውን አስቀመጠ ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ዕረፍት ላይ፣ ከእናቴ ጋር ሶባ እየበላን ለቀልድ አነሣሁት። "ያን ቀን አዛችሁት ሳይመጣ የቀረውን ሶባ ታስታውሻለሽ? ለንጉሡ አንድ ብቻ?"

እናቴ የምትበላባቸውን ሁለት ዘንጎች ሳህኑ ላይ አጋደመች። "ሶባ አልነበረም" አለች።

"ታዲያ ምን ነበር?" አልኳት።

"የደወልኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ሊደውል ፈልጎ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ጣቱ ቁጥሩን መምታት አቃተው።" ዘንጎቹን አነሣች። "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

በላሁ። ድምፅ ሳላሰማ እንደምበላ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ዘንድሮ ሁለቱ ጭምብሎች፣ ዋናውና ቅጂው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ሊታዩ ወደኛ ሙዚየም መጡ። ካርዳቸው የኔ ሆነ። ቅጂውን ገልብጬ በትንሽ መብራት ውስጡን አየሁት፤ የአባቴ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በቀለም ተጽፏል፤ ፊደሎቹ እንደ ትል የተጥመለመሉ ናቸው። ያን ብቻ ራሱ ጽፎታል።

ጆሮውን ይዤ መጦሪያ ቤት ሄድኩ። አባቴ ሰማንያ አልፎታል፤ አንዳንድ ቀን ያውቀኛል። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ጆሮው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማ መሰለ። በአውራ ጣቱ የጆሮውን እጥፋት ተከተለ፤ ሰው ልጁን እንደሚዳስስ።

"ጥሩ እጅ ነው" አለ። "የማን ነው?"

ረስቶ ይሁን፣ ልርሳው ብሎ ይሁን፣ ፊቱ ላይ አላገኘሁትም። ፊሩዝ ብዬ ስሙን ብነግረው ያውቀው ይሆን? ከዚያ ወዲያ የት እንዳለ አንዳችንም አልጠየቅንም፤ ወደ ኢስፋሃን የተጻፈ ደብዳቤ የለም።

"አይታወቅም አባባ" አልኩት።

"እንግዲያው እንደዚያ ብለሽ ጻፊ" አለኝ። "የማይታወቀውን የሚታወቅ ማስመሰል ነውር ነው።"

ጻፍኩ። በዋናው ካርድ ላይ "ሠሪው አይታወቅም፤ የፋርስና የመካከለኛው እስያ ተጽዕኖ ይታይበታል።" በቅጂውም ካርድ ላይ ያንኑ፣ ቃል በቃል። አቶ ኒሺዋኪ በቀይ እስክሪብቶ መለሱልኝ።

"ይህ ምንድን ነው ቺጉሳ? ሠሪው እኮ አባትሽ ናቸው። ውስጡ ስማቸው አለ፤ የቤተ መቅደሱም መዝገብ ይላል።"

"አባቴ ራሱ ነው እንዲህ ጻፊ ያለኝ።"

"ትሑት ሰው ናቸው" አሉ ልባቸው ተነክቶ። "ተጽዕኖውንም አውጪው። ቅጂ ላይ ምን ተጽዕኖ አለ? እዚሁ ናራ የተሠራ ነው።"

አወጣሁት። ክርክር አላነሣሁም፤ በአራት መስመር የማይነገር ነገር ነበር።

በመክፈቻው ቀን ሰልፉ እስከ መናፈሻው ደረሰ። እኔ ጥጉ ላይ ቆሜያለሁ፤ ካርድ ጸሐፊ በመክፈቻ ቀን ሥራ የላትም። አንዲት ልጅ፣ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አፍንጫዋን የቅጂው መስታወት ላይ ለጠፈች።

"እማዬ፣ ይሄኛው ለምን አንዱ ጆሮ የለውም?"

እናትየው ጎንበስ ብላ ካርዴን አነበበች። "ቅጂ ስለሆነ ነው። ያኛው ስለሌለው ይሄኛውም የለውም።"

"ታዲያ ጆሮው የት ሄደ?"

"የትም አልሄደም። ይሄኛው ድሮም ጆሮ አልነበረውም።"

ልጅቷ አላመነችም። መስታወቱን ለቅቃ ዙሪያዋን አየች፤ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ የሰዎቹን እጅ፣ በመጨረሻም እኔን። ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጆሮው መዳፌ ውስጥ። ጨበጥኩት። ደርቋል፤ ምንም አላሳከከኝም። በቀኜ አውለበለብኩላት።